እናቶቹ ሰምተው ነበር

በጤናው ሙያ የተሰማራችሁ ባልደረቦቼ፣ በመገናኛ ብዙኃን የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ነገ ነጭ ገዋን ለብሳችሁ ከሕመምተኛ ፊት የምትቀመጡ ተማሪዎች፣

ንግግሬን በቁጥር ልጀምር። በ1992 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች ውስጥ በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1997ቱ ጥናት፣ ቁጥሩ እዚያው 5 ላይ ቆሞ ተገኘ። በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ። በ2008 ወደ 26 ደረሰ። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 48 ሆነ። የእናቶች ሞትም አብሮ ወርዷል፤ በ1992ቱ ጥናት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 871 የነበረው በ2008ቱ 412 ሆኗል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በዚህ ቁጥር ውስጥ ስላለው አንድ ጥያቄ ነው። 5 ላይ ተተክሎ የቆየውን ቁጥር በኋላ ምን አንቀሳቀሰው? ጤና ጣቢያ ተሠራ፤ እውነት ነው። መንገድ ተከፈተ፣ አምቡላንስ ገባ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በ2003ቱ ጥናት በቤታቸው የወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከ10 ስድስቱ ያህል «አያስፈልግም» አሉ። ከ10 ሦስቱ ያህል ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ብለው መለሱ። የመንገዱን ርቀት ያነሱት ከእነዚህ ያነሱ ነበሩ። እንግዲህ እነዚህ እናቶች ጤና ተቋም መኖሩን ያልሰሙ ሰዎች አይደሉም። ሰምተዋል፣ መዝነዋል፣ ወስነዋል። እኛ ግን እንዳልሰሙ ቆጥረን ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ቆየን።

የዛሬው መልእክቴ አጭር ነው። ሰው የምንለውን ሳያደርግ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው። የጤና ተግባቦት የመጀመሪያ ሥራው ያንን ምክንያት ማወቅ ነው። ሁለተኛው ሥራው የምንጠይቀውን ነገር ሰውየው ሊያደርገው የሚችል እንዲሆን ማድረግ ነው። ፖስተሩ፣ ሬዲዮው፣ የሞባይል መልእክቱ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይመጣሉ።

የእናቶቹን ምክንያት እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ምጥ የያዛት ሴት በቤቷ ብቻዋን አይደለችም። እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቶቿ ከበዋታል። የልምድ አዋላጇ በስሟ እየጠራች ታበረታታታለች። በክርስቲያኑ ቤት «ማርያም ማርያም» ይባላል፤ በሙስሊሙ ቤት ዱዓ ይደረጋል። እሳቱ ይነድዳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ገንፎው ይሰናዳል። ይህችው ሴት ጤና ጣቢያ ስትመጣ አጃቢዎቿ በር ላይ ይቀራሉ። በማታውቀው ሰው ፊት ልብሷን ታወልቃለች። በቀዘቀዘ ክፍል፣ ከፍ ባለ አልጋ ላይ በጀርባዋ እንድትተኛ ትታዘዛለች። ምጡ ጠንቶባት ስትጮህ የሚቆጣት ባለሙያ ሊገጥማትም ይችላል። ያለፈውን ልጇን ያለ ችግር በቤቷ የተገላገለች ሴት ሁለቱን አወዳድራ ቤቷን ብትመርጥ አላዋቂ ልንላት አንችልም። እሷ የማታየው፣ እኛ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም መፍሰስ ሲጀምር ጊዜ እንደማይሰጥ።

ይህን ምክንያት ቤት ድረስ ሄዶ ለመስማት ዕድል የሰጠው በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። እነዚህ ልጆች ከጤና ኬላው ወጥተው ቤት ለቤት ሲዞሩ ጽሑፍ ይዘው ብቻ አልሄዱም። የሄዱበትን ቤት ቋንቋ ይናገራሉ፣ የአማቲቱን ስም ያውቃሉ፣ ባልየው ከመስክ የሚመለስበትን ሰዓት ያውቃሉ። በቤቱ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነም አይጠፋቸውም። ቀስ በቀስ የነፍሰ ጡር እናቶች ውይይት በየቀበሌው ተለመደ። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ በጤና ጣቢያው ግቢ ተሠራ። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ ያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ለአንድ የበጀት ኃላፊ የገንፎ ዱቄት የሕክምና ዕቃ አይመስለውም ይሆናል። ለወላዲቱ ግን «እዚህም እንደ ሰው ትታያለሽ» የሚል፣ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ መልእክት ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን መልካም ብቻ አልነበረም። «የቤት ወሊድ የሌለበት ቀበሌ» መባል ለአመራሩ የክብር መለኪያ ሲሆን፣ በቤቷ የወለደች ሴት እንድትቀጣ እስከ መወሰን የተደረሰባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ማስፈራራት ከተግባቦት ጋር ምን ያህል እንደሚጻረር ስለሚያሳይ ነው። ቅጣት የፈራች እናት ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ ወይ ትሄዳለች፣ ወይ ትደብቃለች። የደበቀችው እናት ደግሞ ደም ሲፈሳት ማንን ትጠራለች?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ ለሕመምተኛው እንነግረዋለን። ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚነገር ጥያቄ ግን አለው፤ ሰው በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው?

የኤች አይ ቪ ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በሀገራችን የታወቁት በ1978 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሰራጨው መልእክት የራስ ቅል፣ አጥንቱ የወጣ ሰውና የሞት ማስጠንቀቂያ የበዛበት ነበር። የጤና ባለሙያው ዓላማ ሰው በሽታውን እንዲፈራ ነበር። ሰው ግን በሽታውን ሳይሆን በሽተኛውን ፈራ። አከራዩ ተከራዩን አስወጣ፣ ቤተሰብ ዕቃ ለየ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ጠፋ። ይህን ያየ ሰው ደግሞ ምርመራን ሸሸ። በፍርሃት ያስተማርነው ሕዝብ ፍርሃቱን በደንብ ተማረ።

መንገዱ መለወጥ የጀመረው ሌላ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በመቅድም፣ በተስፋ ጎህና በሌሎች ማኅበራት ተሰባስበው በአደባባይ ፊታቸውን አሳዩ። በ1994 ዓ.ም ደግሞ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በተባለ ድርጅት የተዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ መተላለፍ ጀመረ። እስከ ኅዳር 1997 ድረስ 257 ክፍሎች ቀረቡ። ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ እንደ ደረሰው አዘጋጁ ድርጅት አስታውቋል። የድራማው አሠራር ሚጌል ሳቢዶ ከተባለ የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ባለሙያ የተወረሰ ነው። በዚህ አሠራር ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ። አንዱ መልካሙን ይመርጣል፤ ሌላው ክፉውን ይመርጣል፤ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ይዋልላል። የታሪኩ ጉልበት ያለው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ ራሱን የሚያገኘው ከቅዱሱም ከክፉውም ዘንድ አይደለም፤ ከሚያመነታው ዘንድ ነው። የሚያመነታው ሰው ሲወድቅና ሲነሳ፣ ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚያናግራት ሲጨነቅ፣ ምርመራ ሄዶ ሲመለስ አድማጩ አብሮት ይለማመዳል። «ተመርመሩ» የሚለው ትእዛዝ እንዴት እንደሚደረግ አይነግርም፤ ታሪኩ ግን ይነግራል።

ድርጅቱ ባደረገው ግምገማ ድራማውን የሚከታተሉ ወንዶች ከማይከታተሉት አራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ተመርምረው ተገኝተዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ቀድሞውንም ለመረጃ የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን በሙሉ ለድራማው መስጠት አይቻልም። ሌላም ነገር አለ። በጥር 1997 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ጀመረ። ከዚያ በፊት ምርመራ ማለት ለብዙው ሰው ክፉ ዜና ሰምቶ ባዶ እጅን መመለስ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ «ተመርመሩ» የሚለው ቃል ትርጉም አገኘ። መልእክትና አገልግሎት ሲለያዩ ሁለቱም ይደክማሉ።

ቀጥሎ የማነሳው እምነት የሚጣልበት ሰው ማን ነው የሚለውን ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ አዲስ ፈተና ገጠመ። እንጦጦን ወደ መሳሰሉ የጸበል ቦታዎች የሄዱ ሕሙማን መድኃኒቱን አቋርጠው ጸበሉን ብቻ መጠቀም ያዙ። መድኃኒት መዋጥ ለአንዳንዱ እምነት ማጉደል ሆኖ ታየው። በዚህ ጊዜ የሕክምና ባለሙያ ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለ መላመዱ አንድ ሰዓት ቢያስረዳ ብዙ አይጠቅምም፤ የሕመምተኛው ጥያቄ ስለ ቫይረሱ አይደለምና። ጥያቄው «ይህን ብውጥ አምላኬን እከዳለሁ ወይ?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ሥልጣን ያለው ካህን እንጂ ሐኪም አይደለም። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ያ ጥያቄ ከትክክለኛው ሰው መልስ አገኘ። የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ «መድኃኒትህን ውጠህ ተጠመቅ» ሲለው፣ ክሊኒኩም ጸበልተኛውን ሳያፌዝበት ሲቀበለው፣ ሰውየው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም።

እምነት በዓመታት ይገነባል፤ የሚፈርሰው ግን በአንድ ቀን ነው። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ሥጋት ምክንያት ለእነሱ ሳይነገር ሲጣል መቆየቱ በጋዜጣ ወጣ። ሺዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ደም ለመስጠት እጁን የዘረጋ ሰው ስጦታው በስውር እንደሚደፋ ሲሰማ ከዚያ ቀን በኋላ የጤና ተቋሙን ምክር በምን ጆሮ ይሰማዋል? ተቋሙ ስለ ደም ደኅንነት ሥጋት ቢኖረው እንኳ ፊት ለፊት መናገር ይችል ነበር። መራራ እውነት በጊዜው ከተነገረ ያስቆጣ ይሆናል፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ያቆስላል፣ ቁስሉም ለልጅ ይተርፋል።

አሁን ከአደባባዩ ወደ ምርመራ ክፍሉ እንግባ። ለሕዝብ የሚነገረውን ያህል ለአንድ ሕመምተኛ የሚነገረውም ተግባቦት ነው፤ እንዲያውም የበለጠ የምንበድለው እዚያ ነው።

ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት 74 የምርመራ ቆይታዎችን አዳምጠው ነበር። ሕመምተኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ የጨረሰው በ17ቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ጣልቃ የሚገባው በአማካይ በ18ኛው ሴኮንድ ነበር። «ወረፋው ረጅም ነው፣ ሁሉን ብናዳምጥ መቼ ይደርሳል?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት የ335 ሕመምተኞችን ንግግር ለክቶ ነበር። ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ እንዲሰሙ ተነገራቸው። ሕመምተኞቹ በራሳቸው ንግግራቸውን እስኪጨርሱ የፈጀባቸው በአማካይ 92 ሴኮንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ከሩብ እንኳ አይሞላም። እዚያ የተቆጠበችው ደቂቃ በተሳሳተ ምርመራና በተደጋጋሚ ምልልስ ወለዷን ታስከፍላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

መስማት ብቻውን አይበቃም፤ የተናገርነው መድረሱንም ማረጋገጥ አለብን። ሮይ ኬሴልስ የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ ጻፈው ሕመምተኞች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው ይረሱታል። ካስታወሱትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። በዚህ ላይ የእኛን ኑሮ ጨምሩበት። «ከምግብ በኋላ በቀን 3 ጊዜ» ብለን የሰጠነው መድኃኒት በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ እማማ እጅ ሲገባ ምን ይሆናል? በረመዳን ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ውኃ ለማይጠጡ አባትስ? «በየ8 ሰዓቱ» ያልነውን ሰው «ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ከሁለት ወር በኋላ ሳሉ ቆሞ፣ ክብደቱ ተመልሶ «ድኛለሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ የሚሰማው ደኅንነት ነው። የስድስት ወሩ ሕክምና ለምን እንደሚቀጥል በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረው መድኃኒቱን ቢተው የሚደንቅ አይደለም። ግፊቱ ከፍ ያለ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳያመው ዕድሜ ልክ «ዋጥ» የምንለውን ኪኒን ራሱን ያመመው ቀን ብቻ ይውጠዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። በእኛ ባህል ሐኪም ፊት «አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ነውር ይመስለዋል። ይልቅ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን ለማወቅ ነው፤ እቤት ሲገቡ ይህን መድኃኒት እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ» እንበል። ፈተናው የእሳቸው መሆኑ ቀርቶ የእኛ ይሆናል። ከተሳሳቱ ደግመን በሌላ ቃል እናስረዳለን። ቋንቋቸውን ካልቻልን ከግቢው ዘበኛ ወይም ከልጃቸው ይልቅ ለዚህ የተዘጋጀ አስተርጓሚ እንፈልግ፤ እናት ስለ ማኅፀኗ ሕመም በልጇ አፍ እንድትናገር ማስገደድ ግፍ ነው። ደግሞም አክብሮት። ጤና ሚኒስቴር «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የማፍራት ዕቅድ ይዞ ሲነሳ ብዙዎች መፈክር መስሏቸው ነበር። የ70 ዓመት እናትን «አንቺ፣ ወደዚያ ዙሪ» ብሎ ያስተናገደ ክፍል ግን ከዚያ በኋላ የሚናገረው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

በመጨረሻ የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው ድምፅ ይልቅ የጥንቃቄ መልእክት መስማት ጀመርን። ከመድረስ አንጻር ትልቅ ሥራ ነበር፤ ሬዲዮ የሌለው ሰው እንኳ ሰምቶታል። በየሕንፃው በር የውኃ በርሜልና ሳሙና መቀመጡም ቃሉን በተግባር ደገፈው። ነገር ግን ያው መልእክት ለወራት ሲደጋገም ጆሮ ለመደው፤ ሰው መስመሩ እስኪያልፍ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር «እጅዎን ደጋግመው ይታጠቡ»፣ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት «ርቀትዎን ይጠብቁ» ማለት ሰሚውን ከማስተማር ይልቅ «ስለ እኔ ኑሮ አያውቁም» ያሰኘዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሚቀጥለውን መልእክት፣ ለምሳሌ የክትባቱን፣ ሲሰማ ቀድሞ ጥርጣሬ ይዞታል።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የጤና ዘመቻ በጀት የምትይዙ ኃላፊዎች፣ ከሕትመቱና ከአየር ሰዓቱ በፊት ለመስማት የሚሆን ገንዘብ መድቡ። «ለምን አላደረጋችሁም?» ብሎ በቁጣ ሳይሆን በቅንነት የሚጠይቅ ሰው ወደ መንደሩ ላኩ፤ መልሱንም ሪፖርቱ ውስጥ አትቅበሩት። እናቶቹ ብርዱንና ብቸኝነቱን ከነገሩን ክፍሉን እናሙቅ፣ አጃቢ እናስገባ።

ሁለተኛ፣ ጋዜጠኞች፣ ባለሙያውን ብቻ አታናግሩ። የሚያመነታውን ሰው አናግሩት። ክትባት የፈራችውን እናት ሞኝ አድርጋችሁ ሳታቀርቡ ጥያቄዋን ሙሉውን አሰሙንና ሐኪሙ እዚያው ይመልስላት። ያልታወቀ ነገር ሲኖር «እስካሁን አይታወቅም» በሉ፤ ነገ ሲለወጥ አታፍሩበትም።

ሦስተኛ፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከምታዩአቸው ሕመምተኞች መካከል ለአንዱ እንኳ ሳታቋርጡ ሁለት ደቂቃ ስጡ፤ ሲወጣም የነገራችሁትን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የምትሰሙት መልስ ያስደነግጣችሁ ይሆናል። ያኔ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ በሌላ መንገድ ታስረዳላችሁ።

በቁጥር ጀምሬ ነበር። 48 ማለት በ2011 ዓ.ም ከሁለት ወላዶች ከአንዷ በላይ ያን ጊዜም በቤቷ ትወልድ ነበር ማለት ነው። የቀሩትን እናቶች ምክንያት ከእነሱ አፍ ካልሰማን የሚቀጥለው ዘመቻችንም ሰምተው ለወሰኑ ሰዎች እንደገና መጮህ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።